ወደ ቤቱ የተላከው ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በብዙ ቤት ያለ፣ ነገር ግን በብዙ ቤት የሚሸሸግ ነው፤ ይኸውም አእምሯቸውን ስለሚያማቸው ወገኖቻችንና ሕዝቡ ስለ እነርሱ ስለ ያዘው አስተያየት ነው።

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ በምዕራፍ 5 በጌርጌሴኖን አገር በመቃብር መካከል ይኖር ስለ ነበረ አንድ ሰው ይነግረናል። ይህን ሰው የአገሩ ሰዎች ደጋግመው በሰንሰለትና በእግር ብረት አስረውት ነበር፤ እርሱ ግን ብረቱን እየሰበረ ወደ በረሓ ይሸሽ፣ ቀንም ሌሊትም እየጮኸ ገላውን በድንጋይ ያቈስል ነበር። ጌታችን እንደ ፈወሰው ሁላችን እናውቃለን። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ከፈውሱ በኋላ የሆነውን ነው። የአገሩ ሰዎች መጥተው ያን ሰው ልብሱን ለብሶ፣ አእምሮው ተመልሶለት፣ በጸጥታ ተቀምጦ ባዩት ጊዜ ፈሩ። ሲጮኽና ብረት ሲሰብር ሳለ መፍራታቸውስ ይሁን፤ ልብሱን ለብሶ የተቀመጠን ሰው ስለ ምን ፈሩት? የፈሩት የጌታን ኃይል አይተው ነው የሚል ትርጓሜ እንዳለ እናውቃለን፤ ትርጓሜውም መልካም ነው። ሆኖም በየአገራችን የምናየው ነገር ሌላውንም ፍርሃት እንድናስብ ያስገድደናል፤ ይኸውም የታመመውን ብቻ ሳይሆን የዳነውንም ጭምር የሚያርቀው ፍርሃት ነው።

ለምሳሌ ያህል ዱርቤቴን እናንሣ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ መርዓዊንና ወተት ዓባይን አልፎ ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ ዱርቤቴን ያገኛል፤ የአቸፈር ገበሬ ዳጉሳውን፣ ጤፉን፣ በቆሎውንና በርበሬውን አውጥቶ የሚሸጥባት ከተማ ናት። ይህችን ከተማ ስናነሣ ከሌላው አገር ይልቅ ክፋት አለባት ለማለት አይደለም፤ ከጣና ዳር እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ በባሕር ማዶ እስካለው ወገናችን ድረስ በዚህ ነገር ሕዝቡ አንድ ነው። ነገር ግን አገርና መንደር የሌለው ምሳሌ ሁሉም ሰው ለጎረቤቱ የተነገረ አድርጎ ይሰማዋል።

እንግዲህ በገበያ ቀን፣ በተጫኑት አህዮችና በእህል ሻጮቹ መካከል፣ ጠጕሩ የተንጨባረረ ልብሱም ያለቀ አንድ ሰው ያልፋል እንበል። ሕፃናት ይከተሉታል፤ አንዱ ጠጠር ይወረውርበታል፤ ሁሉም «እብዱ» እያሉ ይጠሩታል፤ ትልልቆቹም ነገሩን እንደ ጨዋታ አይተው ይስቃሉ። ያ ሰው ግን የክርስትና ስም አለው። በተወለደ በ40 ቀኑ እናቱ አቅፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዳዋለች፤ ካህኑ አጥምቆ፣ በቅብዐ ሜሮን ቀብቶ፣ ማዕተብ አስሮለታል፤ ክርስትና ያነሣውም ሰው ምናልባት እዚያው ገበያ ውስጥ ይገኝ ይሆናል። ታዲያ የሕመሙ ስም የክርስትና ስሙን ከነጠቀው ወዲህ በስሙ የሚጠራው የለም። በጣና ዙሪያ ወባ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ወባ የያዘውን ሰው «ወባው» ብሎ የሚጠራ ከቶ አልሰማንም።

በአገራችን የዚህ ሕመም መነሻ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አይዘገይም። ቡዳ በልቶት ነው፤ ዛር ይዞት ነው፤ መተት ተደርጎበት ነው፤ ወይም የአባቱ ኃጢአት ደርሶበት ነው ይባላል። ስለ ኃጢአት የሚነገረውን አስቀድመን እንመልከት። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታን ጠየቁት። ጌታችን ከሁለቱ አንዱን አልመረጠላቸውም፤ የእርሱም የወላጆቹም አይደለም አላቸው። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን በዝምታ አብረውት በመሬት ላይ በተቀመጡ ጊዜ መልካም ወዳጆች ነበሩ፤ የመከራውን ምክንያት ሊነግሩት አፋቸውን ሲከፍቱ ግን እግዚአብሔር ተቈጣቸው። ንጉሡ ናቡከደነፆር ስለ ትዕቢቱ ከሰው ተለይቶ እንደ በሬ ሣር እስኪበላ አእምሮውን አጣ የሚለውን ታሪክ ጠቅሶ የሚከራከረን ቢኖር፥ ያን የተናገረው ነቢዩ ዳንኤል ከእግዚአብሔር ተገልጦለት ነው እንለዋለን። የጎረቤታችንን ሕመም አይቶ እንዲሁ ሊፈርድ የነቢይ ሥልጣን የተሰጠው ሰው በመንደሩ ውስጥ ማነው?

ስለ ርኩሳን መናፍስትም ቤተ ክርስቲያናችን መኖራቸውን ታስተምራለች፤ ይህን ልንክድ አልተነሣንም። ነገር ግን ቅዱስ ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ለመፈወስ ወደ ጌታ የመጡትን ሲቈጥር፥ አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎቹንም ለብቻ አድርጎ ጽፏል። ሁሉም ከአንድ ምክንያት የመጣ ቢሆን ኖሮ እንዲህ መለያየት ባላስፈለገው ነበር። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ሁሉን በአንድነት ጠቅልለን አጋንንት ብንለው ከወንጌሉ ይልቅ አዋቂዎች ለመሆን መሻታችን ነው።

ነፍስ በዚህ ዓለም ሳለች በሥጋ ትሠራለች፤ አንጎልም ከሥጋ ብልቶች አንዱ ነው። ሳንባ እንደሚታመም፣ ጉበትም እንደሚታመም፣ አንጎልም ይታመማል። ሕመሙም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ሁሉ ሊገድለኝ ተማክሯል ብሎ ያምናል። ሌላው ለሳምንታት ሳይተኛ፣ ገንዘቡን እየበተነ፣ ያለ ልክ ሲደሰትና ሲናገር ይሰነብትና ከዚያ በኋላ በኀዘን ይወድቃል። ሌላው ደግሞ ምንም ሳይጮኽ፣ ማንንም ሳይሳደብ፣ ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል፤ እንዲህ ያለውን ሰነፍ ይሉታል እንጂ ታመመ የሚለው የለም። መነሻው አንዳንድ ጊዜ ከዘር የሚወረስ ዝንባሌ፣ አንዳንድ ጊዜ ጽኑ ኀዘንና መከራ፣ አንዳንድ ጊዜም መጠጥና ጫት የሚያባብሱት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ብዙ ምክንያቶች ተደራርበው ያመጡታል።

አራሷን እናስብ። ከወለደች ጥቂት ቀናት የሆናት ሴት እንቅልፍ ታጣለች፤ ነገሯ ይዘበራረቃል፤ የሌለ ነገር ይታያታል፤ የገዛ ልጇን ትፈራለች። ቤተ ዘመዱ ከራስጌዋ ቢላዋ ሳይደረግ፣ ወይም አንድ ሰዓት ብቻዋን ስለ ተተወች፣ ጅኒ አገኛት ይላል፤ ይህን ያለውም ስለሚወዳት ነው። ነገር ግን ይህ ሕመም በአገራችን ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በዓለም ሁሉ ከ1,000 ወላዶች በ1 ወይም በ2 ላይ ይደርሳል፤ ጅኒን በማያውቁ አገሮችም እንዲሁ ነው። ፈጥና ሕክምና ያገኘች እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትድናለች፤ ልጇንም አቅፋ ታጠባለች። የዘገየ እንደ ሆነ ግን ለእርሷም ለሕፃኑም ሕይወት ያሰጋልና፥ እንዲህ ያለ ነገር የታየባት አራስ ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ሐኪም መወሰድ ይገባታል።

የሚጥል በሽታ ያለበትንም ሰው በዚሁ ማንሣት ያስፈልጋል። ሲወድቅ የነካው ይጋባበታል ተብሎ፥ በምድጃው እሳት ላይ ወድቆ ሳለ እንኳ ለማንሣት የሚፈሩ አሉ። ይህ በሽታ በመንካትም በትንፋሽም በምራቅም አይተላለፍም። በእጁና በፊቱ ላይ የእሳት ጠባሳ ያለበትን ሕመምተኛ ስናይ፥ ጠባሳውን ያሰፋው በሽታው ነው ወይስ የአጠገቡ ሰዎች ፍርሃት ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ደግሞም አእምሮውን የታመመ ሰው ሁሉ ይገድላል፣ ይደበድባል የሚል አሳብ በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሰድዷል። እውነቱ ግን አብዛኞቹ ሕሙማን በማንም ላይ እጃቸውን አያነሡም፤ ከመምታት ይልቅ የሚመቱ፣ ከመዝረፍ ይልቅ የሚዘረፉ እነርሱ ናቸው። አእምሮዋን የታመመች ሴት በጎዳና ስታድር ምን እንደሚደርስባት ለመናገር አፋችን ያፍራል፤ ነገር ግን የሚያውቀው ያውቀዋል።

በቡታጅራ አካባቢ የአእምሮ ሕሙማን ዘመዶች የተጠየቁበት አንድ ጥናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 ታትሟል። ከተጠየቁት ከ100 75ቱ በዘመዳቸው ሕመም ምክንያት ሰው እንደሚያገላቸው እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ ከ100 37ቱ ደግሞ በቤታቸው ሕመምተኛ መኖሩን ሊሸሽጉ እንደሚወዱ ገለጹ። ቡታጅራ በጉራጌ ምድር ነው፤ ዱርቤቴ በጎጃም ነው፤ ነገር ግን በጎጃምም ልጅ ሊዳር ሲታሰብ ዘር ይጠየቃል፤ «በዚያ ቤት የታመመ አለ» የተባለ እንደ ሆነ ሽማግሌ የላከው ቤት መልሶ ይቀራል። እንግዲህ እናት ሴት ልጇን ለመዳር ስትል ወንድ ልጇን በጓዳ ትሸሽጋለች። የተሸሸገ ሕመምተኛም ጸበልም አያገኝ፣ መድኃኒትም አያገኝ፣ ፀሓይም አያገኝ። ሕመሙ ከጀመረው ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ወደ ሕክምና ሲመጣ ሰዎች «ይኸው፥ ይህ በሽታ አይድንም» ይላሉ። ያላዳነው ግን መሸሸጉ ነው።

ከመሸሸግ የሚከተለው ማሰር ነው። በሶዶ ወረዳ ሕመምተኞቻቸውን የሚያስሩ ቤተ ሰቦች የተጠየቁበት ጥናት በ2017 ወጥቶ ነበር። የሚያስሩት ጨካኞች ሆነው አልተገኙም፤ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችም ናቸው። ገደል እንዳይገባብን፣ ጅብ እንዳይበላብን፣ የሰው ንብረት አጥፍቶ እንዳይገድሉብን ብለው፥ የሚረዳቸውም ሕክምና በቅርብ ስላጡ አስረውታል፤ ልጃቸውን አስረው ራሳቸው ያለቅሳሉ። ይህን የምንናገረው ሰንሰለቱን ልናጸድቅ አይደለም። ሰንሰለት እግርን ያቈስላል፣ ሰውነትን ያመነምናል፣ አእምሮንም ይባስ ያናውጣል። ነገር ግን ያሰረችውን እናት መውቀስ ቀላል ነው፤ ሌሊት ተራ ገብቶ ልጇን የሚጠብቅላት ጎረቤት ቢኖር ኖሮ ታስረው ነበርን? ሰንሰለት በእኛ አገር ብቻ የተገኘ ነውር እንዳይመስለንም፥ በፓሪስ ከተማ እንኳ እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ የአእምሮ ሕሙማን በብረት ይታሰሩ ነበር፤ ፒኔል የተባለው ሐኪምና ባልደረባው ፒሳን ናቸው ብረቱን እንዲወልቅ ያደረጉት።

በዘመናችን መድኃኒት አለ። ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በ1952 በፈረንሳይ አገር ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ዓይነት መድኃኒት ተገኝቷል። በአገራችን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበረ፤ ስለዚህ ከጎጃም ሕመምተኛውን ይዞ አዲስ አበባ መሄድ ለገበሬው በሬውን እስከ መሸጥ የሚያደርስ ነገር ነበር። አሁን ግን በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በ2022 በታተመው በአገራችን በተደረገ ጥናትም፥ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሥልጠናና ክትትል ካገኙ ለጽኑ የአእምሮ ሕሙማን የሚሰጡት ሕክምና በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው የማያንስ ሆኖ ተገኝቷል። የአቸፈር ገበሬ እንግዲህ አስቀድሞ በአቅራቢያው ያለውን ጤና ጣቢያ ይጠይቅ፤ ከዚያ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ወደ ባሕር ዳር ይላካል።

እዚህ ላይ ከምእመናን የሚነሣውን ጥያቄ እናውቀዋለን፤ «ታዲያ ጸበሉስ?» የሚል ነው። በሰከላ የግሽ ዓባይን ምንጭ፣ የአቡነ ዘርዐ ብሩክን ጸበል፣ ከሩቅ አገር ድረስ መጥተው የሚጠመቁበት ምእመናን ብዙ ናቸው፤ ከዚያው ምንጭ የሚነሣው ውኃ በወተት ዓባይ በኩል አድርጎ ወደ ጣና ይወርዳል። የአቸፈር ሰው በዚህ ውኃ አጠገብ ተወልዶ ከጸበል ራቅ ሊሉት አይገባም፤ እኛም አንለውም። ነገር ግን ጸበልና መድኃኒት ተጣሉ ያለው ማነው? በመጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ተጽፏል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ። በስሙ የምንቀድስበት ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ለድውያንና ለድሆች ሰፊ የሕሙማን ቤት አሠርቷል፤ ሕክምናም ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጥበብ መሆኑን ለመነኮሳቱ ጽፎላቸዋል። በቅርቡም ዘመን፥ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበል ስንጠመቅ መድኃኒቱን እንተው ባሉ ጊዜ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበል መጠመቅ መድኃኒት መውሰድን እንደማይከለክል በይፋ አስተምረዋል። ለኤችአይቪ የተነገረው ለአእምሮ ሕመም የማይሆንበት ምክንያት የለም። በእንጦጦ ማርያም የጸበል ቦታም አጥማቂ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው ሕመምተኞችን በአንድነት ሲረዱ ቈይተዋል፤ የዚህም ሥራ ዝርዝር በ2021 ታትሟል።

ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ ሕመምተኛው ለሱባዔ ሲገባ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ያቋርጣል። ሐኪም ሳያውቅ በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል፤ ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ጸበሉን ያማል፣ አንዳንዱም መድኃኒቱን ያማል። ጾሙን ምክንያት አድርገው እንክብሉን የሚተዉም አሉ። የታመመ ሰው ስለ ጾም የሚደረግለትን ፍትሐ ነገሥቱ ራሱ አስቦለታል፤ ቤተ ክርስቲያን ድውዩን በጤናማው ሸክም አታስጨንቀውም። ይህን ለንስሐ አባት አስቀድሞ መናገርና መመካከር ይገባል። ካህናት አባቶቻችንም ለጥምቀት የመጣውን ሕመምተኛ «መድኃኒት ትወስዳለህን?» ብለው ቢጠይቁና እየወሰደ እንዲጠመቅ ቢነግሩት፥ ሐኪሙ ሊለው ከሚችለው ሁሉ ይልቅ ይሰማቸዋል።

በዝምታ ስለሚታመሙትም አንድ ነገር ልናክል እንወዳለን። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ያን የሚያህል ተአምር ካደረገ በኋላ ኤልዛቤልን ፈርቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከአንድ ዛፍ በታች ተቀምጦም ነፍሱን እንዲወስዳት እግዚአብሔርን ለመነ። ነቢዩ ሞትን ተመኘ! እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ ከአንድ ምእመን አፍ ቢሰማ፥ እምነት የለህም፣ ወንድ ልጅ እንዲህ አይልም፣ ጸልይ እንጂ ተብሎ ይገሠጻል። የእግዚአብሔር መልአክ ግን አልገሠጸውም። የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት፤ በላ፤ ጠጣ፤ ተመልሶም ተኛ። መልአኩም ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰውና እንዲበላ ነገረው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። እንዲህ ዓይነቱን ሰው መብል ማቅረብ፣ ማስተኛት፣ ዳግመኛም መጥቶ መጠየቅ እንደሚገባ ከመልአኩ እንማራለን። ሞትን እመኛለሁ ያለ ሰው እንደ ቀልድ አይታለፍም፤ ብቻውን አይተውም፤ ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

አሁን ወደ ዳነው ሰው እንመለስ። የጌርጌሴኖኑ ሰው ከጌታ ጋር ለመሄድ ለምኖ ነበር። ከሚፈሩት ሰዎች መካከል ከመኖር ይልቅ ከጌታ ጋር መሄድ የሚሻለው መሆኑን መገመት አያስቸግርም። ጌታችን ግን ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ እንዲሄድ አዘዘው። ይህ ትእዛዝ ለእርሱ የከበደውን ያህል ለቤተ ዘመዱም ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም ወደ ቤቱ የተላከ ሰው የሚቀበለው ቤት ያስፈልገዋል።

ከባሕር ዳር ሆስፒታል ሕክምናውን አግኝቶ፣ ወይም ከጸበል ቦታ በጸጥታ ተመልሶ ወደ ዱርቤቴ የሚገባ ሰው ምን ይጠብቀዋል? በዕድር ስብሰባ አሳብ ሲሰጥ «ተነሣበት» ተብሎ በዐይን ይጠቃቀሱበታል። እንደ ማንኛውም ሰው የተቈጣ እንደ ሆነ ቍጣው ሕመም ይባላል፤ የሣቀም እንደ ሆነ ሣቁ ሕመም ይባላል። መሬቱን ዘመድ ይዞታል፤ በሬውን ያበደረው፣ በእኩል የሚያሳርሰው የለም። ምስክርነቱ አይታመንም። ለወንፈል አይጠራም። ከጤናማ ሰው ያላነሰ ማሰብ ቢችል እንኳ፥ መንደሩ አስቀድሞ የወሰነውን ሊለውጥ አይችልም። ሕመሙ ከለቀቀው በኋላ ስሙ አለቀቀውም። እንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ ቢታመም ያስደንቃልን?

ናቡከደነፆር ግን አእምሮው በተመለሰለት ጊዜ አማካሪዎቹና መኳንንቱ ራሳቸው ፈልገውት መጡ፤ ወደ መንግሥቱም መለሱት ይላል ትንቢተ ዳንኤል። የሰባቱን ዘመን ነገር እያነሡ ከዙፋኑ አልከለከሉትም። የአረማዊ መኳንንት ለንጉሣቸው ያደረጉትን ክርስቲያን ለጎረቤቱ ቢያደርግ አይበዛበትም። ለገበሬ ሰው ዙፋኑ ማረሻው ነው፤ በዕድር መዝገብ ላይ ያለ ስሙ ነው፤ በሰንበቴ ተራው ደርሶ ዳቦና ጠላ ይዞ መምጣቱ ነው።

ሁሉም የሚድነው ፈጽሞ እንዳልሆነም እንናገራለን። አንዳንዱ መድኃኒቱን እድሜ ልኩን ይወስዳል፤ አንዳንዱም የሕመሙ ጥቂት ቅሪት አብሮት ይኖራል። ያም ቢሆን እንጨት መፍለጥ፣ ከብት መጠበቅ፣ ማረም፣ ቅዳሴ መቆም ይችላል። ሥራ የሚሰጠውና በስሙ የሚጠራው ሰው ያገኘ ሕመምተኛ ከሌላው ይልቅ እንደሚሻለው በቤታቸው ያዩት ያውቁታል።

የሕመምተኛውም እናት አለች። ልጇን ትታ መውጣት ስላልቻለች ከቤተ ክርስቲያን ከተለየች ዓመታት ያለፏት እናት በየአጥቢያው አትጠፋም። በልቅሶ ቤት የለችም፤ በማኅበር የለችም፤ ሰዎችም ቀረች ብለው ያሟታል። በሚመጣው እሑድ ሁለት የሰንበቴ አባላት አስቀድመው ወደ ቤትዋ ቢሄዱ፣ አንዱ ከልጇ ጋር ቢቀመጥ፣ ሌላዋ እርሷን ይዛ ቅዳሴ ብትሄድ፣ በተከታዩም እሑድ ሌሎች ሁለት ተራውን ቢወስዱ፥ ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ከደጁ ሲደርሱም ልጁን በክርስትና ስሙ ጠርተው፥ እንዴት አደርህ ይበሉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።